አያት፣ አማችና ጎረምሳ በአንድ ገበታ፦ የጅማው የፍልሰታ እራት

ዘንድሮ ክረምት ከዴንቨር ወደ ጅማ ስንመጣ የተጨነቅንባቸው ነገሮች ብዙ ነበሩ። በረራው፣ ሆቴሉ፣ የልጆቹ ሆድ። ሁሉም በሰላም አለፉ። ያስቸገረን ማንም ያልጠረጠረው ነገር ነው፤ እራት። ከመመለሳችን በፊት ቤተሰቡን በሙሉ አንድ ቦታ ሰብስበን እንጋብዝ ተባባልን። ሲወራ አንድ ስልክ ደውሎ የሚያልቅ ጉዳይ ይመስላል።

የተጋባዦቹን ዝርዝር ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ። እናቴ ሰማንያን ያለፈች፣ ፍልሰታን ከልጅነቷ ጀምራ የምትጾም ሴት ናት። ጉልበቷ ደረጃ አይወድም። ታናሽ እህቴ ያገባችው ሙስሊም ነው፤ ልጆቻቸውም ሙስሊም ናቸው። ጅማ ላይ እንዲህ ያለ ቤተሰብ ብርቅ አይደለም። ጋሼ የምንላቸው የእናቴ ወንድም መጾም ከተዉ ቆይተዋል፤ ሥጋ ግን የክርስቲያን ካልሆነ አይነኩም። የኔ ወንዱ ልጅ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። የሚበላው ዶሮ፣ ችብስና ፓስታ ነው፤ ወጥ የነካውን ነገር አይጠጋም። ሴቷ አሥራ ሦስት ዓመቷ ሲሆን ሥጋ ትታለች። ለምን ብላችሁ እንዳትጠይቋት፤ መልሱ ረጅም ነው። ባለቤቴ የቀረበለትን ሁሉ ይበላል፤ እግዜር ይስጠው።

ጊዜው ደግሞ ፍልሰታ ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 የሚጾመው ይህ ጾም ከአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ዕረፍት ጋር ይገጥማል። ልጆች ይዞ በክረምት የሚመጣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ነሐሴ 16ን፣ ፍቺውን፣ ጠብቀን እንጋብዝ እንዳንል የልጆቹ ትምህርት ቤት ቀድሞ ይከፈታል። “በጾም ደግሞ ምን የሚሉት ግብዣ ነው?” አለች እናቴ። ጋሼም ደገፏት፤ የሳቸው ምክንያት ግን ሌላ ነበር።

እኔ አሁን የምለው ተቃራኒውን ነው። እንዲህ ለተቀላቀለ ቤተሰብ ከጾም የተሻለ የግብዣ ጊዜ የለም። ምክንያቱ ቢላዋ ነው። ሥጋ ካለ ማን ባረደው የሚል ጥያቄ አለ። ሠርግ ላይ ለሙስሊሙ አንድ፣ ለክርስቲያኑ አንድ፣ ሁለት ድንኳን ተተክሎ፣ ወጡም በሁለት ወገን ተሠርቶ አይተን አድገናል። ሽሮን ግን ማንም አላረደውም። ምስርንም እንዲሁ። በየአይነቱ ሲቀርብ እናቴም፣ አማቼም፣ ሥጋ የተወችው ልጄም እጃቸውን እኩል ይሰዳሉ። አሳም ቢሆን የእርድ ጥያቄ የለበትም፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይበላዋል። በጾም አሳ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር የቆየ ነው። እናቴ ክርክሩ ውስጥ የለችበትም፤ አትበላም፣ አለቀ። ሌሎቻችን ግን እንበላለን።

ጋሼ ደግሞ የባሰ ጣጣ ውስጥ ነበሩ። የክርስቲያን ልኳንዳ በፍልሰታ ዝግ ነው። የሙስሊሙ ክፍት ቢሆንም እሳቸው አይገቡም። የማይጾሙት ጋሼ ሳይወዱ በግድ ጾመኛ ሆነው ከረሙ። አሳ የሚለውን ሐሳብ ከሁሉ ቀድመው ያጨበጨቡት እሳቸው ናቸው።

ስለ መጓጓዣው ባጭሩ ልበል። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በወልቂጤ አድርጎ የጊቤን በረሃ ወርዶ የሚወጣው መንገድ ውብ ነው፤ በክረምት ከሁለት ጎረምሳ ጋር ግን ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። በአውሮፕላን ሄድን። በረራው አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ተነስቶ ደመናውን አልፎ ወዲያው መውረድ ይጀምራል። ከተማ ውስጥ ለሁለት ሦስት ሰው ባጃጅ በቂ ነው። ለቤተሰብ ግን ሚኒባስ ኮንትራት ያዙ። ዋጋ ስትነጋገሩ “መጠበቂያውን ጨምሮ” የምትለዋን ቃል አትርሱ። እኛ የያዝነው ሾፌር እናቴን ደግፎ የሚያወጣና የሚያወርድ፣ በር ድረስ መኪናውን የሚያስጠጋ ጨዋ ልጅ ነበር። ከጉዞው አገልግሎቶች ሁሉ ሙሉ ነጥብ የምሰጠው ለሱ ነው።

ወደ ምግቡ እንመለስ። የቤቶቹን ስም አልጽፍም። ጅማ ላይ ምግብ ቤት ባለቤት ይቀይራል፣ አብሳይ ይቀይራል፤ ዘንድሮ የተመሰገነው ለከርሞ ሌላ ቤት ሆኖ ታገኙታላችሁ። ምን ዓይነት ቤት እንደሆነና ምን ብለን እንደጠየቅን ብነግራችሁ ይሻላል። እህቴና እኔ ቦታ የመረጥነው ሁሉንም ሰው ሳንይዝ ቀድመን ሄደን እያየን ነው።

መጀመሪያ ያየነው መሃል ከተማ ያለ ፎቅ ሆቴል ነው። እንግዳ ሲመጣ ሁሉም የሚጠቁመው ዓይነት። ሜኑው እንደ መጽሐፍ ወፍራም ነው። ግን ገልጠን ስንጠይቅ ይሄ የለም፣ ያ አልቋል፣ ይሄኛው “ለዛሬ አልተሠራም”። እንዲህ ያለ ቤት ስትገቡ ሜኑውን አጥፋችሁ “ዛሬ ምን አለ?” ብላችሁ ጠይቁ። የሚቀርበው ምግብ መጥፎ አልነበረም። ወንዱ ልጄ ክለብ ሳንድዊቹን ከነችብሱ ጠራርጎ በላ። ሽንት ቤቱ ንጹሕ ነው፣ መቀመጫ አለው፤ ጄኔሬተር አላቸው፤ ዋይፋዩም ይሠራል። ለጎረምሳ ከዚህ በላይ ገነት የለም። ነገር ግን የመመገቢያ አዳራሹ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለም። ቴሌቪዥኑ ኳስ ከፍቶ ያንባርቃል። እናቴን ደረጃ አስወጥቼ፣ ጩኸት መሃል አስቀምጬ፣ “እንኳን ደህና መጣሽ” ልላት ነው? እዚያው ተሰረዘ።

ሁለተኛው ወደ ዩኒቨርሲቲው መስመር ያለ የወጣቶች ቤት ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ያለበት አካባቢ የተማሪ ኪስና የተማሪ ሆድ የሚያውቁ ቤቶች አሉት፤ በርገር፣ ፒዛ፣ ፉል፣ ጁስ። ልጆቼ ሀገር ቤት ከገቡ ጀምሮ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አላየሁም። ጁሱን ሳላነሳ አላልፍም። ጅማ የአቮካዶ ሀገር ናት። አቮካዶ፣ ማንጎና ፓፓያ ተደራርቦ በማንኪያ የሚበላው ስፕሪስ ለሴቷ ልጄ ምሳ ሆኗታል። የጾም ፒዛም አላቸው፤ አትክልት ብቻ፣ አይብ የሌለው። ጥሩ ቤት ነው። ለእናቴ ግን አይሆንም። ወንበሮቹ ረጃጅም፣ ጠረጴዛዎቹ ለሁለት ሰው የተሠሩ፣ ሙዚቃው ደረት የሚመታ ነው። ጋሼ እዚያ ቢገቡ በሩ ላይ ሆነው “እኔ መኪና ውስጥ እጠብቃችኋለሁ” ነው የሚሉት።

ልጆቻችሁን ግን አስቀድማችሁ እንዲህ ያለ ቤት ውሰዷቸው። ምክሬ ነው። የትልቁ ግብዣ ቀን ምሳቸውን እዚያ ይብሉ፤ ከሰዓት ጅሬን ወጥተው የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ይዩ፤ ሜዳውንና ከተማውን ከላይ ፎቶ ያንሱ። ማታ አያታቸው ፊት ሲቀመጡ ሆዳቸው በንዴት ባዶ አይሆንም። የኔዎቹ ሙዚየሙ ውስጥ ያለውን የአባ ጅፋር የቤት ዕቃ አይተው ስለነበር ለእናቴ የሚያወሩትም ነገር አገኙ።

የተመረጠው ሦስተኛው ነው። ከከተማው ወጣ ያለ፣ ዛፍ የበዛበት ግቢ። ቤቱ ምድር ቤት ነው፤ መኪና በር ድረስ ይገባል። ደረጃ የለም። ሣሩ ላይ የተበተኑ ጎጆዎች አሉ፤ ክረምት ስለሆነ ግን እኛ የጠየቅነው ውስጡን ነው። የጅማ ነሐሴ ከሰዓት ዝናብ አይቀርም። ጎጆ ውስጥ በበጋ መቀመጥ ያምራል፤ በነሐሴ እግር ይቀዘቅዛል። “ድንኳን እንጥልላችኋለን” ቢሏችሁም እሺ አትበሉ።

እዚህ ቤት የወደድኳት ባለቤቷን ነው። ጥያቄ አያስከፋትም። እህቴ የመጀመሪያውን ጥያቄ ጣለች፤ “ችብሱና አሳው በአንድ ዘይት ነው የሚጠበሰው?” ይህ ጥያቄ እናቴን ከሚያውቅ ሰው ብቻ የሚመጣ ነው። እናቴ ከአሳ ጋር በአንድ ዘይት የተጠበሰ ድንች አትበላም። ሥጋ የተወችው ልጄም ይህን ጉዳይ ታጠብቃለች። ሴትየዋ ሳቅ ብላ “ለጾመኛ ሌላ መጥበሻ አለን፤ ካላመናችሁ ግቡና እዩ” አለችን። ገባን፣ አየን። ማዕድ ቤቱን የሚያሳይ ሰው የሚደብቀው የለውም ብዬ ቀብዱን እዚያው ከፈልኩ።

ስለ አሳው ትንሽ ላብራራ። አንዱ የአሳ ምንጭ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የግልገል ጊቤ ግድብ ውሃ ነው። ለመብራት የተገደበው ውሃ አሳም ያበላል። ስታዝዙ ቆሮሶ ነው ወይስ አምባዛ ብላችሁ ጠይቁ። አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ በዚህ የተነሳ ብዙ ክርስቲያን ሽማግሎች አይበሉትም። ጋሼም ከነሱ አንዱ ናቸው። ቆሮሶ ግን ሁሉን ያስማማል። ሌላው ጥያቄ “መቼ የመጣ ነው?” የሚለው ነው። ሴትየዋ ለናሙና አንዱን አወጣችልን። ዓይኑ አልደፈረሰም፤ ከጭንቅላቱ ጎን ያለውን ሽፋን ገለጥ ስታደርገው ውስጡ ቀይ ነው። ለግብዣው ዕለት ጠዋት የሚመጣ እንዲሆን ተስማማን።

ትዕዛዙን በደብተር ጻፈችው። ይህን ሳታስደርጉ እንዳትወጡ፤ በቃል ያዘዛችሁት ነገር በቃል ይቀራል። ለእናቴና ለሁላችንም በትልልቅ ትሪ በየአይነቱ፦ ሽሮ፣ ምስር ወጥ፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን በድንችና በካሮት፣ ፎሶልያ፣ ቀይ ሥር፣ አዚፋ፣ ስልጆ፣ ሱፍ ፍትፍት። ለእናቴ ለብቻዋ የሽምብራ አሳ አዘዝንላት። የሽምብራ ዱቄት ተቦክቶ፣ በአሳ ቅርጽ ተቆርጦ፣ ተጠብሶ በቀይ ወጥ የሚገባው ማለቴ ነው። እኛ እውነተኛውን አሳ ስንበላ እሷም በጾሟ አሳ አላት። ይህ የእህቴ ብልሃት ነው። ለቀሪው ሰው ሙሉ አሳ ጥብስ ከነዳጣው፤ ለልጆቹ ደግሞ አሳ ኮተሌት ከችብስ ጋር።

ኮተሌቱ ላይ ትንሽ ልቆይ። ወንዱ ልጄ ሙሉ አሳ ከነጭንቅላቱ ሲቀርብለት ምን እንደሚል አውቃለሁ። ኮተሌት ግን አጥንቱ ወጥቶ፣ በዳቦ ዱቄት ተለውሶ የተጠበሰ ስስ ነገር ነው። ከዶሮው ብዙም አይርቅም። የእህቴ ልጆችም ያንኑ መረጡ። ጎረምሶቹን አንድ ጠረጴዛ ዳር ላይ አሰባስበን፣ ለነሱ ብቻ የሚሆን ሳህን፣ ካቻፕ፣ ሹካ አዘዝንላቸው። “ከትሪው ካልበላችሁ” የሚል ጭቅጭቅ እንዳይነሳ አስቀድሜ ለእናቴ ነግሬያት ነበር። አልሰማችኝም፤ እሱን እነግራችኋለሁ።

እንጀራውን በተመለከተ፣ ንጹሕ ጤፍ መሆኑን ጠይቁ። ጤፍ ሲወደድ ከሌላ እህል ጋር መደባለቅ የተለመደ ነው፤ ጣዕሙም ይለያል። ስንዴና ገብስ የማይስማማው ሰው ይዛችሁ ከመጣችሁ ጥያቄው የጣዕም ብቻ አይሆንም። ጤፍ ራሱ ግሉተን የለበትም፤ ድብልቁ ግን ሊኖርበት ይችላል።

ሰዓቱ ሌላው ትልቅ ጉዳይ ነው። እንደ ዴንቨር ማታ 1 ሰዓት ላይ ብንቀጥር ሁሉ ነገር ይበላሽ ነበር። 11 ሰዓት አልን። እናቴ በፍልሰታ ከቅዳሴ ሳትመለስ እህል አትቀምስም፤ 11 ሰዓት ላይ ርቧታል፣ ግን ገና አልደከማትም። አማቼ አስርን ሰግዶ ይመጣል፤ መግሪብ ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው፤ መሃሉ ለመብላት ይበቃል። ልጆቹም ከጅሬን ተመልሰው ልብስ ቀይረው ይደርሳሉ። በዚያ ላይ ሳይጨልም መድረስ ለሽማግሌ መልካም ነው፤ ጭቃውን ያያል።

ዳቦውን እኛው ይዘን ገባን። አክስቴ በኮባ ቅጠል የተጋገረ ድፎ ዳቦ ካልቀረበ ግብዣ አልመሰላትም። ከውጭ ምግብ ማስገባት አንዳንድ ቤት ያስከፍላል፣ አንዳንድ ቤት ይከለክላል፤ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሴትየዋ “ዳቦ ደግሞ ይከለከላል?” ብላ ተገረመች። ኬክም ከከተማ ኬክ ቤት ወስደን ነበር፤ የጾም ኬክ፣ ወተትና እንቁላል የሌለው። እናቴ አንድ ጊዜ ቀምሳ ሳህኑን ወደ ልጆቹ ገፋችው። ልጆቹም አንድ ጊዜ ቀምሰው ወደኔ ገፉት። ያ ኬክ ላይ የወጣው ገንዘብ ይቆጨኛል።

በዕለቱ ምን ሆነ? ትሪዎቹ በሰዓቱ መጡ። አሳው ዘገየ። አስተናጋጇ ጎበዝ ብትሆንም ብቻዋን ነበረች፤ የኛ ብዛት ላለው ገበታ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። በዚህ ላይ ቅሬታዬን ነግሬአቸዋለሁ። ጋሼ ዳቦውን እየቆረሱ “አሳው ገና ከጊቤ እየመጣ ነው እንዴ?” ይሉ ጀመር። በመጨረሻ መጣ። ትኩስ፣ ጎኑ የተተለተለ፣ ጠርዙ ኩርሽም የሚል። ጋሼ ከዚያ በኋላ ድምፃቸው አልተሰማም።

ከዚያ መብራት ጠፋ። የግልገል ጊቤን አሳ እየበላን መብራት ጠፋ! አማቼ ይቺን ነገር እስካሁን በስልክ ይደግማታል። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ የስልክ መብራት አበራን፤ ልጆቹ ደስ አላቸው። በጨለማው መሃል እናቴ ዕድሏን አገኘች። ወንዱ ልጄ አጠገቧ ነበር። ሱፍ ፍትፍቱን ጠቅልላ “እንካ፣ የኔ ጌታ፣ የእማማን ጉርሻ” አለችው። እምቢ የሚል ልጅ አይደለም፤ አያቱን ይፈራል። አፉን ከፈተ። መብራት ሲመጣ ገና እያላመጠ ነው፤ ፊቱ ግን እንደፈራሁት አልነበረም። ሱፉ ለስለስ ያለ ነው፤ በርበሬ የለበትም። “እማማ፣ ምንድን ነው?” አላት በተሰባበረ አማርኛው። ሁለተኛ ጉርሻ ሰጠችው። ሦስተኛውን ግን በጨዋነት ወደ ኮተሌቱ ዞሮ አመለጠ። እኔ በዚህ ረክቻለሁ።

ሴቷ ልጄ ግን አስገረመችኝ። ሀገር ቤት ከመጣን ጀምሮ በየሄድንበት “ሥጋ አልበላም” እያለች ስታስረዳ ሰው ሁሉ “ታመሽ ነው?” ይላት ነበር። የአክስቷ ልጅ “የጾም በይ፤ ማንም አይጠይቅሽም” አለቻት። ከዚያ ወዲያ ችግር የለም። ትሪው ላይ ከስልጆ በቀር ያልበላችው የለም፤ የሰናፍጩ ነገር አፍንጫዋ ውስጥ ገባባት። ሥጋ የማይበላ ጎረምሳ ያላችሁ ወላጆች ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህ በፍልሰታ ይሠራል፤ በረቡዕና ዓርብም ይሠራል። በፍስክ ቀን ሽሮው ቅቤ ሊገባበት ይችላል፤ የተሟላ በየአይነቱም ላይኖር ይችላል። ያን ጊዜ “ሽሮ በዘይት” ብላችሁ እዘዙ።

አማቼ ለመግሪብ ተነሳ። ቦታና ውሃ አዘጋጅተውለት ነበር፤ መጠየቅ እንኳ አላስፈለገውም። ቡናው የተቀጣጠለው ያኔ ነው። ጅማ ላይ ስለ ቡና መጻፍ ለቀባሪው ማርዳት ስለሆነ አላበዛም። አቦሉን አማቼ አልደረሰበትም፤ ለቶናው ተመለሰ። የሚጠጣ ነገር ለማዘዝም ያው የእህቴ ምክር ነው፦ ለገበታው ብርዝና ቀሪቦ። ብርዙ ያልፈላ ማር በውሃ ነው፤ ማሩም የአካባቢው ነው። ቀሪቦ ከተቆላ ገብስ የሚሠራ፣ ለስለስ ያለ፣ ጅማ ላይ በየግብዣው የሚቀርብ መጠጥ ነው። ወንዱ ልጄ “ይሄ ኮካ ነው?” ብሎ ሁለት ብርጭቆ ጠጣ።

ሂሳቡ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ውጭ የለመደ ሰው ሜኑ ላይ ያየውን ዋጋ ደምሮ ይዘጋጃል። ዋጋው ቫትን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም የሚለውን ከማዘዛችሁ በፊት ጠይቁ። ቫት 15 በመቶ ነው። ሆቴሎችና አንዳንድ ቤቶች 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያም ይጨምራሉ። ሜኑ ላይ 1,000 ብር የሚለው ምግብ ሁለቱም ሲታከልበት 1,265 ብር ይሆናል። ለሁለት ሰው ልዩነቱ አይሰማም፤ ለዘመድ አዝማድ ግን ይሰማል። መጀመሪያ ያየነው ሆቴል ሁለቱንም ይጨምር ነበር፤ ሜኑው ላይ የጻፈው ግን ታች፣ ባነስተኛ ፊደል ነው። የግቢዋ ባለቤት በደብተሯ የጻፈችው የመጨረሻውን ዋጋ ነበር። አንድ ብር አልጨመረም። እህቴ በቴሌብር ከፈለች፤ እኔ ለእህቴ ከፈልኩ። እኔ ካርዴን ይዤ ብገኝ ኖሮ ሁሉም ይስቁብኝ ነበር። ለአስተናጋጇ ቲፕ በእጇ ሰጠናት፤ ብቻዋን ሁለት ሰው የሚያለፋውን ሥራ ሠርታለች።

ጉድለቶቹን ሳልናገር አልሄድም። የእጅ መታጠቢያው ውጭ ነው፤ በዝናብ መውጣት አለባችሁ። እናቴ ስትቸገር አስተናጋጇ ማስታጠቢያና ሞቅ ያለ ውሃ አምጥታላታለች፤ ግን ይህ ለሁሉም ሽማግሌ ሊሆን የሚገባው ነገር ነው። ሽንት ቤቱ ንጹሕ ቢሆንም ቁጢጥ የሚባልበት ዓይነት ነው። ጉልበቱ የማይታጠፍ ሰው ይዛችሁ ከሆነ ከቤት ስትወጡ አስቡበት። ዋይፋይ የላቸውም፤ ይህን እንደ ጉድለት የቆጠሩት ልጆቼ ብቻ ናቸው።

የተረፈውን አስቋጥረን ወጣን። በየአይነቱ የመጣበት ትሪ ብዙ ስለነበር ለእናቴ ለነገው ጾም ማፍረሻ ሆናት። ድፎው ግማሹ ለአስተናጋጇና ለማዕድ ቤቱ ቀረ፤ እነሱም ጾመኞች ነበሩ።

ይህ ቤት ለማን አይሆንም? በችኮላ በልቶ ለሚሄድ አይሆንም፤ ሳይደውሉ ለሚመጡም አይሆንም። ክትፎና ጥሬ ሥጋ የሚፈልግ ደግሞ በፍልሰታ አይድከም። ከነሐሴ 16 በኋላ ሜኑው ሌላ ነው አሉ። ጋሼ ከመውጣታችን በፊት ባለቤቷን ጥግ ይዘው ለፍቺው ዕለት ቦታ አስይዘዋል፤ ቀብዱን ግን በኔ ስም ነው ያስጻፉት።